ሦስት ሽማግሌዎችና የቆይታ ማንቂያ

በ2071 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ ሰው ቆሞ ሰላምታ መለዋወጥ ከተወ ቆይቷል። ሰላምታው አልቀረም፤ የቀረው መቆሙ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ፣ ወዲያው ጎን ለጎን ሆነው መራመድ ይጀምራሉ። «ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? እናትህ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውስ ተሻላቸው?» ይህ ሁሉ በእርምጃ ነው። ጥያቄው ካላለቀ ሰፈሩን አብረው ይዞራሉ፤ የምር የተነፋፈቁ ሰዎች ደግመው ሲዞሩ ይታያሉ። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። በየአጥሩ ላይ የተሰቀለው ዓይን አንድ ቦታ ቆሞ የሚቆይ ሰው አይወድም።

ካሜራ የሚለውን ቃል የሚጠቀሙት ሻጮቹ ብቻ ናቸው። እኛ ዓይን ነው የምንለው። ዓይን በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል፣ የገባውንና የወጣውን ይናገራል፣ ያልወደደውን ሰው ደግሞ ለጎረቤት ዓይኖች ያሳብቃል። አንዱ በር የጠረጠረውን ሁሉም በር ይጠረጥረዋል። ከእኛ ቤት በታች ያሉት የአቶ ባምላክ ወንድም ፊታቸው ተይዞ ዳቦ ቤት እንኳ አልከፈት ብሏቸው፣ ክረምቱን መናኸሪያው ጣሪያ ሥር ገፍተውታል። ጥፋታቸው ዝናብ ለመጠለል በሰው በር ሥር መቆማቸው ነበር። ነገሩ ሲጣራ ይቅርታ ተጠየቁ፣ ዳቦ ቤቱም ተከፈተላቸው። ሰውየው ግን እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ አይጠለሉም፤ እየበሰበሱ ይሄዳሉ።

እኔና ይግረም የተዋደድነው በዚህ ከተማ ስለሆነ ፍቅራችን የእግር ፍቅር ነው። የእኛ ዘመን ፍቅረኞች በጫማቸው ሶል ይታወቃሉ። ሲሸኘኝ በራችን ላይ ቆመን መሰነባበት ስለማንችል በሩን አልፈነው እንሄዳለን፣ ተመልሰን እናልፈዋለን፣ ደግሞ እናልፈዋለን። «አግቢኝ» ያለኝ የነፋስ ተርባይኖቹ ወዳሉበት ዳገት ስንወጣ ነው። «እሺ» ለማለት ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቀኝ፤ እሱንም እየተራመደ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማውቀው የፊቱን አንድ ጎን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ችግሩ አባቴ ነበር። አባቴ አቶ ናታን ዕድሜውን በእግር ኳስ ዳኝነት የጨረሰ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያላወለቀ ሰው ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሱና እህቱ፣ እትዬ ሶልያና ናቸው። አባቴ ብዙ በጎ ጠባይ አለው፤ «አልገባኝም» ማለት ግን አልፈጠረበትም። ዳኛ አይጠይቅም፣ ይወስናል ባይ ነው። ሐኪም መድኃኒት ሲያስረዳው «ገባኝ፣ ገባኝ» ብሎ ወጥቶ የጆሮ ጠብታውን ዓይኑ ውስጥ ጨምሮ፣ ሲያለቅስ ሰንብቷል። ያኔም ቢሆን ምን ነካህ ሲሉት «አቧራ ነው» ነበር መልሱ። የአዳማ አቧራ የአባቴን ስህተት ሁሉ ተሸክሞ የኖረ ምስኪን አቧራ ነው።

ታዲያ ይግረም ሽማግሌ እንደሚልክ ባሳወቀበት ሳምንት የቤታችን ዓይን ታወረ። ዓይን የሌለው ቤት ደግሞ እንግዳ መቀበል አይፈቀድለትም። የሰፈሩ የጥበቃ ማኅበር «በአስቸኳይ አዲስ ምረጡ» አለን። እኔ ልሂድና ልምረጥ ብል አባቴ ሳቀብኝ። ኮቱን ለበሰና ወደ መደብሩ አብረን ሄድን።

መደብሩ «ንቁ ደጅ» ይባላል። ሻጯ ጥሩወርቅ የምትባል፣ ስትናገር እጇን እንደ ዘማሪ የምታወዛውዝ ልጅ ነች። ወንበር ሰጠችንና ጀመረች።

«የምስል ጥራቱ ምን ያህል እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ ጋሼ?»

«ትልቁን።»

«ትልቁ ትንሽ ይበዛል። ምስሉ በጣም ስለሚጠራ ግቢ ውስጥ ያለውን ጉንዳን ሁሉ ለየብቻ ለይቶ ይመዘግባል።»

«ይመዝገብ!» አለ አባቴ። «ጉንዳንም ቢሆን ያለ መታወቂያ መግባት የለበትም።»

«የፍሬም ፍጥነትስ? በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ምስል ይንሣ ማለቴ ነው። ሲያንስ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል፣ ሲበዛ...»

«ገባኝ፣ ገባኝ። ፍጹም ቅጣት ምት ነው አይደለም እየተባለ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚታየው ነገር ነው። ይብዛ።»

ጥሩወርቅ ወደ እኔ አየች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። እሷ ቀጠለች። የእይታ ስፋት ሌንሱ ከግራ እስከ ቀኝ የሚይዘው ቦታ ነው አለች፤ ሲሰፋ ብዙ ያያል፣ ሩቁ ግን ያንስበታል። አባቴ «ሙሉ ሜዳውን» አለ። የመስመር ጥሰት ማለት ግቢው ላይ በሐሳብ የተሰመረ መስመርን የሚሻገር ሰው ሲኖር ማሳወቅ ነው አለች። አባቴ ከደስታው ብዛት ጭኑን መታ። «ከጨዋታ ውጪ! ይሄንንማ እኔ ነኝ የማስተምራችሁ!»

ከዚያ ያ የተረገመ ቃል መጣ።

«የቆይታ ማንቂያ» አለች ጥሩወርቅ። «ሰው ሳያልፍ፣ ሳይቀመጥ፣ ሥራ ሳይኖረው አንድ ቦታ ቆሞ ሲቆይ...»

አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። «ሰዓት ማባከን!»

በዳኝነት ዘመኑ ከምንም በላይ የሚጠላው ሰዓት የሚያባክን ተጫዋች ነበር። የጫማውን ክር ሊያስር ያጎነበሰ በረኛ በቀይ ካርድ አስወጥቶ፣ ክሩ የምር የተፈታ መሆኑ ሲታወቅ «ከቤቱ አስሮ አይመጣም ነበር?» ያለ ሰው ነው።

«ለዘብተኛ፣ መካከለኛና ጥብቅ አለው» አለች ጥሩወርቅ።

«ጥብቅ።»

«ጋሼ፣ ጥብቅ ላይ የሚያደርገው ሰው የለም። ባንኮች እንኳ መካከለኛ ላይ ነው ያደረጉት።»

«እኔ ባንክ አይደለሁም። ዳኛ ነኝ። ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ።»

«ቀይ ሲሆን እኮ በሩ ይቆለፋል፣ የሰውየው ፊት ለከተማው በሮች ሁሉ ይተላለፋል፣ ጠባቂዎችም...»

«ገባኝ፣ ገባኝ፣ ልጄ።»

የግላዊነት ጭምብል የሚባል ነገርም ነበር። ዓይኑ እንዳያየው የሚሸፈን ቦታ ማለት ነው፤ ሰው የመኝታ ቤቱን መስኮት ወይም የጎረቤቱን ግቢ ያስሸፍንበታል። አባቴ ዳኛ በግማሽ ሜዳ ዓይኑን ይጨፍናል እንዴ ብሎ አልፈለገውም። ማንቂያውን በድምፁ የሚሰርዝ ሁለተኛ ሰው ይመዝገብ ወይ ስትለው ደግሞ እኔን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ «በአንድ ሜዳ አንድ ዳኛ» አለ። እዚህ ላይ ተናደድኩ፤ ሆኖም ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት እሑድ ከፊቴ ስለነበረ ተውኩት።

እሱ ዓይኑ የሚናገርበትን ድምፅ ሊመርጥ ወደ ሌላው ክፍል ሲሄድ ጥሩወርቅን ጠጋ አልኳት። «ዝም ብሎ ቢጮህስ? ምንም ሳይኖር?»

«ሐሰተኛ ማንቂያ ነው የምንለው። ድመት፣ የተሰጣ ልብስ፣ የአዳማ ነፋስ... ያጋጥማል። ባለቤቱ ይሰርዘዋል።»

«ባለቤቱ ባይሰማስ? ወይ ድግስ ቢሆንስ?» ፊቴ ሲሞቀኝ ይታወቀኛል።

ሳቀች። «ድግስማ ራሱን የቻለ ምድብ ነው። እስክስታ ካየ፣ ጭብጨባና እልልታ ከሰማ ቆይታውንም መስመሩንም ይተዋል። ጎረቤትም እንዲገባ በሩን ይከፍታል። ድሮ በየሰርጉ ሙሽራ እየተያዘ አስቸግሮን ነበር እኮ!»

አባቴ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። ከብዙ ድምፆች መካከል የእግር ኳስ አስተላላፊውን መርጧል።

ዓይኑ ቅዳሜ ተሰቀለ። እትዬ ሶልያና ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ግቢው በጩኸት ተሞላ። «ወይዘሮ ሶልያና በቀኝ መስመር! ባልዲ ይዘዋል! ነፋሱ አስቸጋሪ ነው፣ ክቡራትና ክቡራን... ኦ! አንድ አንሶላ ወደቀ! እንዴት ያለ አጋጣሚ አመለጣቸው!» እትዬ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችበት። «ጫማ! ወደ ሜዳው ጫማ ተወርውሯል! ይህ ለጨዋታው አይበጅም!» አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበርና ንዴቴ ቀለለኝ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ስማቸው ሲጠራ ብቻ የሽማግሌ ስም መሆኑ ያስታውቃል፦ ጋሽ ኖላዊ፣ መምህር ኢዮስያስና ጋሽ ማክቤል። ጋሽ ኖላዊ የይግረም አጎት ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ። መምህር ኢዮስያስ ከሲታና ነገር የሚመዝኑ ናቸው። ጋሽ ማክቤል ወፍራም፣ ጉልበታቸው ላይ ድጋፍ ያሰሩ፣ ሲያዩዋቸው ሳቅ ሳቅ የሚሉ ሰው ናቸው። ይግረም ራሱ እንደ ደንቡ አልገባም፤ ውጪ ሰፈሩን እየዞረ ነበር። መቆም አይችልማ።

በሩ የተጠበቁ እንግዶች መሆናቸውን አውቆ አስገባቸው። «ሦስት አንጋፋ ተጫዋቾች በዋናው በር በኩል ገብተዋል! ልምድ! ግርማ ሞገስ!» ጋሽ ኖላዊ ቀና ብለው ዓይኑን አዩትና እንዳልሰሙ ሆኑ። እትዬ ሶልያና ወንበር አቀረበች። «ኖር! ተቀመጡ፣ አባቶቼ፣ ተቀመጡ።»

«በእግዜር፣ እህቴ» አሉ ጋሽ ኖላዊ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ይህ ደንብ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ከተቀመጠ እንግዳ ሆነ፣ ጥየቃ መጣ፣ ቃሉም ከእንግዳ ወሬ አይበልጥም። ካልተሰማም ወጥቶ ይሄዳል፣ ተመልሶም ላይመጣ ይችላል። ከተማው መቆምን ከሁሉ ቦታ ሲያጠፋ ይህች አንዷ መቆም ቀርታ ነበር። ይህን ሕግ የሠሩ ሰዎች ሽማግሌ ልከው አያውቁም መሰለኝ። በሌላው ቤት ነገሩ አያስቸግርም፤ የልጅቱ አባት በደጅ ይቀበላቸዋል፣ ጥቂት ይግደረደራል፣ ይሰማቸዋል፣ ይቀመጣሉ። የእኛ ቤት ዓይን ግን ጥብቅ ላይ ነው፤ የእኛ ቤት አባትም መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነው።

እኔ ከማድ ቤቱ መስኮት ኋላ ነበርኩ። የምትጠየቅ ልጅ በሽማግሌ ፊት አትታይም።

«ቆመዋል!» አለ ዓይኑ። «ወንበር ቀርቦላቸዋል፣ አልተቀመጡም! ምን እያሰቡ ይሆን? ሰዓቱ እየሄደ ነው... አሁንም ቆመዋል... ቢጫ! ለሦስቱም ቢጫ ካርድ! ሰዓት በማባከን!»

ግንቡ ላይ ቢጫ መብራት ዞረ። መምህር ኢዮስያስ ጢማቸውን ያዙ። «ይሄ ነገር እኛን ነው?»

«ተቀመጡ ወይም ሜዳውን ልቀቁ!» አለ ዓይኑ፣ በዚያ በሚያስደስት ድምፁ።

ጋሽ ኖላዊ ጋቢያቸውን ጠበቅ አደረጉ። «እኔን ማሽን ነው የሚያስቀምጠኝ? ነገ ምን ሊባል? ኖላዊ ዕቃ ቢጮህበት ተቀመጠ ሊባል? ሞቼ ነው!»

ነገሩ በአንድ ጊዜ ግልጽ ሆነልኝ። ቢቀመጡ ልመናው ይቀራል። ቢወጡ ተዋርደው ነው፤ የይግረም ቤተሰብ ደጃችንን ዳግም አይረግጥም። ቆመው ከቆዩ ደግሞ ቀይ ይመጣል፤ የሦስት የተከበሩ ሰዎች ፊት ሌባ ተብሎ ለከተማው ሁሉ ይሄዳል። በባሌ አጎት ላይ ዳቦ ቤት እያስዘጋሁ ማን ሊያገባኝ ነው? እየሮጥኩ ወደ አባቴ ክፍል ሄድኩ። ልጄ ርካሽ አይደለችም ብሎ ሊያስቆማቸው እንደፈለገ እርግጠኛ ነበርኩ፤ የምናገረውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ በሩን በረገድኩት።

አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ለብሶ ጨርሷል። ከረባቱ ታስሯል፣ ጫማው ተወልውሏል፣ ጸጉሩ ተበጥሯል። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ የተቀመጠ ይመስላል።

«አባዬ፣ ቢጫ ሰጥቷቸዋል እኮ! ውጣና አስቁመው!»

«ልወጣ ነው» አለ። አልተነሳም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ። «እግሬ እምቢ አለኝ፣ ዘርፌ።»

«ምን ሆንክ?»

«እናትሽ ከሄደች ወዲህ ይህን ቤት አንቺ ነሽ ስትገቢ ቤት የምታደርጊው። ከእነሱ ፊት ከቆምኩ እሺ ማለቴ አይቀርም። ደግ ልጅ ነው ይግረም። እምቢ የምልበት ነገር አጥቼ ነው እዚህ የተቀመጥኩት።»

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። ከእሱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ባለቅስ ደስ ባለኝ። ውጪ ግን «ተጨማሪ ሰዓት! ዳኛው ኪሳቸውን እየነካኩ ነው!» የሚል ድምፅ ይጮሃል። ግንባሩን ሳምኩትና ተመልሼ ሮጥኩ። እሱን ጎትቼ ማውጣት አልሆነልኝም፤ ሽማግሌዎቹንም ማስያዝ አልችልም። የቀረኝ የጥሩወርቅ ሳቅ ብቻ ነበር።

ማድ ቤት ስደርስ የእትዬን ክንድ ያዝኩ። «ይጨፍሩ በያቸው!»

«ምን?»

«ድግስ ከሆነ ይተዋቸዋል። እስክስታ ይምቱ!»

«አበድሽ? ልጅ ሳይሰጥ ሽማግሌ ይጨፍራል? ነውር ነው!»

«ነውሩ ይሻላል ፊታቸው ከሚያዝ!»

እትዬ ሶልያና ለአንድ አፍታ አየችኝ። የምወዳት ለዚህ ነው፤ ነውርን አጥብቃ ታውቃለች፣ መቼ እንደምትጥለውም ታውቃለች። መስኮቱን ከፍታ ግማሽ ሰውነቷን አወጣች። «አባቶቼ! በእናታችሁ ጨፍሩ!»

ሦስቱም ዞሩ። «ምን አለች?» አሉ ጋሽ ኖላዊ።

«ጨፍሩ! እስክስታ! ያኔ ይተዋችኋል!»

«ሳይሰጠን?» አሉ መምህር ኢዮስያስ። «ይህ በየትኛው ሥርዓት ነው? ልመና ይቀድማል፣ መልስ ይከተላል፣ ከዚያ...»

«እጅ ወደ ኪስ ገብቷል!» አለ ዓይኑ። «ቀይ ነው ወይስ አይደለም? መላው ሰፈር ትንፋሹን ይዟል!»

የመጀመሪያዋን ትከሻ ያንቀሳቀሱት ጋሽ ማክቤል ናቸው። ያ ሁሉ ውፍረትና ያ ድጋፍ የታሰረበት ጉልበት እንዳለ ሆኖ ትከሻቸው ብቻውን ተነሳና እንደ ፈላ ድስት ክዳን መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እስቲ እንግዲህ» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ከዳኛ በእስክስታ ላመልጥ ነው!» እትዬ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ በመስኮቱ አጨበጨብኩ። ጋሽ ኖላዊ ሰማይ አዩ፣ ምድር አዩ፣ «ይግረም፣ አንተ ልጅ፣ የእጅህን ታገኛለህ» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ወርውረው ገቡ። መምህር ኢዮስያስ ብቻ ቀሩ። ቀዩ መብራት ሊበራ ብልጭ ሲል እሳቸውም አንገታቸውን አንድ ጊዜ ወደ ፊት ሰበቁ። በጣም ጥሩ ሰበቃ ነበር፤ የት እንደተማሩት እግዜር ይወቅ።

«ምንድን ነው የማየው!» ዓይኑ አበደ። «ይህ ሰዓት ማባከን አይደለም! ይህ... ይህ ድግስ ነው! በአቶ ናታን ቤት ድግስ ነው!»

ቀዩ ጠፋ። በሩ በሰፊው ተከፈተ። መንገዱ ላይ ያሉ ዓይኖች ሁሉ ወሬውን እየተቀባበሉ «ድግስ! ድግስ በአቶ ናታን ቤት!» ይሉ ጀመር። ሰው መግባት ጀመረ። ከየቤቱ፣ ከየመንገዱ፣ ሰላምታ ጀምረው ሲዞሩ የነበሩ ሁሉ። እልል እያሉ ገቡ፣ ጥቂት ጨፈሩ፤ ከዚያ አንድ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። ቆሙ። ድግስ ያለበት ግቢ ውስጥ ቆይታ አይቆጠርማ። አዋቂ ሰዎች ፊት ለፊት ተያይዘው ቆመው «እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ?» ሲባባሉ አየሁ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ዝም ብለው የቆሙም ነበሩ። የአቶ ባምላክ ወንድም ከአጥራችን ሥር ገብተው፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ጀርባቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው ቆሙና ፈገግ አሉ። ቆመው የቀሩ እስኪመስለኝ ድረስ አልተንቀሳቀሱም።

በዚህ ጎርፍ መካከል ይግረምም ገባ። ሲዞር በሩ ተከፍቶ አግኝቶት ሰው ይዞት ገብቶ ነው። ደንብ የሚባል ነገር ስላልቀረ እኔም ከማድ ቤት ወጣሁ። ፊት ለፊቴ ቆመ። ከተዋወቅን ጀምሮ ፊቱን በሙሉ፣ ሳይንቀሳቀስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ካሰብኩት አጠር ይላል። በግራ ጉንጩ ላይ የማላውቃት ጠባሳ አለች። ልቤ ደስታውን መያዝ አቅቶት ሳቄ ፈነዳ።

«ምነው?» አለ።

«ቆመህ ሳይህ ሌላ ሰው ነህ።»

«የተሻልኩ ነኝ ወይስ የባስኩ?»

«ዝም ብለህ ቁምልኝ።»

ያን ጊዜ ዓይኑ ፊሽካ ነፋ። «ይጣራ! ክቡራትና ክቡራን፣ ጉዳዩ ይጣራ! ድግሱ በባለቤቱ አልታወጀም! የቤቱ ባለቤት ያረጋግጡ፦ ግብ ነው ወይስ አይደለም? ግብ ካልሆነ በሜዳው ላይ ያሉ ሁሉ ይመዘገባሉ!»

ጭብጨባውና እልልታው ቆመ። ቆሞ የነበረው ሁሉ ግን ተመልሶ መጨፈር ጀመረ፤ ቆሞ መቅረት ማን ይደፍራል? ያ ሁሉ ሰው ያለ ድምፅ፣ ያለ ጭብጨባ፣ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ ወደ ቤቱ በር ያያል። መምህር ኢዮስያስ አንገታቸው ተሰብቆ እንደቀረ ነው። በሩ ተከፈተና አባቴ ወጣ።

በረንዳው ላይ ቆሞ ሁሉንም በዓይኑ ዞረ። ጎረቤቱን፣ እህቱን፣ ሽማግሌዎቹን፣ እጄን የያዘውን ይግረምን አየ። ጋሽ ኖላዊ ትከሻቸውን ሳያሳርፉ ወደ ፊት ቀረቡ። እያለከለኩ ጀመሩ። «አቶ ናታን... ይቅርታ ያድርጉልን... አመጣጣችን እንዲህ አልነበረም... ልጅዎን... ለልጃችን... ብለን ነው... ካልፈቀዱልን... አንቀመጥም... ይኸው እንደሚያዩን... አንቆምም!»

አባቴ ከንፈሩን ነከሰ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አልቻልኩም፤ ለእሱም የተለየለት አይመስለኝም። ቀና ብሎ ዓይኑን አየ።

«ግብ ነው» አለ።

«ጎ...ል!» ዓይኑ ጮኸ፣ ሰፈሩ ጮኸ፣ ጋሽ ማክቤል በመጨረሻ ወንበር ላይ ወደቁ፣ እትዬ አባቴ አንገት ላይ ተንጠለጠለች። ይግረም አባቴ ጉልበት ላይ ሊወድቅ ሲሄድ አባቴ በትከሻው ያዘውና አቀፈው። የተቃቀፉት ቆመው ነው። እኔ መሐል ገብቼ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያዝኳቸው።

ዓይኑ ግን አልጨረሰም። ጩኸቱ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ተነሳ። «የዝውውር ዜና! በመተዳደሪያው መሠረት ሙሽራዋ ዘርፌ ናታን ከነዋሪ ምድብ ወጥታ ወደ እንግዳ ምድብ ትዛወራለች! ባለቤቱ ያረጋግጡ!»

የአባቴ እጅ ጀርባዬ ላይ ሲጠነክር ተሰማኝ። «ገባኝ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«አልገባኝም፣ ዘርፌ» አለ። «እንግዳ ሲል ምን ማለቱ ነው?»

ቀስ ብዬ ነገርኩት። «እንግዳ ስመጣ በሩ ላይ ስሜን እናገራለሁ። ዓይኑ ያየኛል፣ አንተን ይጠይቅሃል፣ ስትፈቅድ እገባለሁ። ነዋሪ ከሆንኩ ግን በሩ ሳይጠይቀኝ ይከፈታል።»

«እንግዲያው ነዋሪ ናት» አለ አባቴ ለዓይኑ።

«ነዋሪ ማታ ካልገባች ጠፍታለች ማለት ነው!» አለ ዓይኑ። «ማንቂያው በየማታው ይጮሃል! መንገዱ ሁሉ ይሰማዋል! ባለቤቱ ያረጋግጡ!»

ጎረቤቶቻችን እርስ በርስ ተያዩ። በየማታው ምን እንደሚሰሙ ገብቷቸዋል። እኔም «አባዬ፣ ተው፣ እንግዳ ብሆን ምን ቸገረህ» ልለው ነበር። አባቴ እጄን ይዞ፣ እንባውን ሳይጠርግ፣ አቧራ ነው ሳይል፣ ለሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ መለሰ።

«ይጩህ!»